ከስምንቱ ቀዛፊዎች ምን እንማራለን?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ስለ ኅብረት ንግግር ሲደረግ ይህ ተረት ሳይጠቀስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ድሩ እንዴት እንደሚያብር፣ ለማበርም እያንዳንዱ ክር ምን መተው እንዳለበት ቆም ብለን የምናስብ ብዙዎች አይደለንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ከአንድ የተማሪዎች የጀልባ ቀዘፋ ቡድን ታሪክ ጋር አያይዤ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር በ1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1936) ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስፖርቱ ጥቂት እንበል። ስምንት ሰው የሚቀዝፈው የውድድር ጀልባ ርዝመቱ 19 ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ በታንኳ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጎ ይቀዝፋል። በዚህ ጀልባ ግን ስምንቱም ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት፣ ፊታቸውን ወደ መጡበት አድርገው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ አንድ ረጅም መቅዘፊያ በሁለት እጁ ይይዛል፤ አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ። መቀመጫቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ኃይሉ የሚመጣው ከክንድ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ከእግርና ከወገብ ነው። ወደ ፊት የሚያየው ዘጠነኛው ሰው ብቻ ነው። እርሱ አይቀዝፍም፤ መሪውን ይይዛል፣ ተወዳዳሪዎች የት እንደ ደረሱ ይመለከታል፣ መቼ መታገሥ መቼስ መፍጠን እንደሚገባ ያዛል። ከእርሱ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ቀዛፊ የምቱን ፍጥነት ይሰጣል፤ የቀሩት ሰባቱ እርሱን ይከተላሉ።

እንግዲህ ከስምንቱ አንዱ መቅዘፊያውን ከሌሎቹ ቀድሞ ውኃ ውስጥ ቢያስገባ ወይም ዘግይቶ ቢያወጣ ጀልባው ይንገዳገዳል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁሉ የበረታው ሰው ብርታቱን ለብቻው ለማሳየት ቢሞክር ቡድኑን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በእግር ኳስ አንድ ጎበዝ ተጫዋች ብቻውን አታልሎ ግብ ሊያገባ ይችላል። በዚህ ስፖርት ግን ብቻውን የሚያሸንፍ ሰው የለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። በሲያትል ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠልጣኝ አል ኡልብሪክሰን ይባል ነበር። ጊዜው በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የነበረበት፣ ብዙ ሰው ሥራ ያጣበት ዘመን ነው። ከቀዛፊዎቹ ብዙዎቹ እየሠሩ የሚማሩ የድኃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ጆ ራንትዝ ነው። እናቱ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለ ነው። 15 ዓመት ሲሆነው ደግሞ አባቱና የእንጀራ እናቱ ታናናሾቹን ይዘው ከሚኖሩበት ሲሄዱ እርሱን ብቻውን ትተውት ሄዱ። ጆ ዓሣ እያጠመደ፣ እንጨት እየቆረጠ ራሱን አስተዳደረ፤ ትምህርቱንም አላቋረጠም። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም በ1927 ዓ.ም. ክረምት ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በግራንድ ኩሊ ግድብ ሥራ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ድንጋይ ይሰብር ነበር።

እንዲህ ያለ ወጣት ብርቱ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ማንንም ሳይጠብቅ በራሱ ብቻ መቆም የለመደ ሰው በሌላ ሰው ላይ ለመደገፍ ይቸግረዋል። የጆም ፈተና ይህ ነበር። አሠልጣኙ ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው ደጋግሞ አዛወረው። የቡድኑን ጀልባ የሚሠራው ጆርጅ ፖኮክ የተባለው እንግሊዛዊ አናጢ ለብቻው ጠርቶ መከረው፤ የምክሩም ፍሬ ነገር ለጓደኞቹ ራሱን አሳልፎ እንዲሰጥ፣ እንዲያምናቸውም ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ጆ ከዋናው ጀልባ ሰባተኛ መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ዘጠኙ ልጆች ተሟሉ።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁ የቀዘፋ ሻምፒዮና በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ በሀድሰን ወንዝ ላይ፣ በፖኪፕሲ ከተማ አጠገብ ይደረግ ነበር። ውድድሩ በዚያ ቦታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ሲሆን ሦስት ክፍል ነበረው፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች 2 ማይል፣ ለሁለተኛው ቡድን 3 ማይል፣ ለዋናው ቡድን 4 ማይል። 4 ማይል ማለት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 በዋናው ውድድር ያሸነፈው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ሰኔ 15 ቀን 1928 ዓ.ም. የዋሽንግተን ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች አሸነፉ። ዋናው ውድድር ሲጀመር ግን የጆ ጀልባ ወደ ኋላ ቀረ። መሪውን የያዘው ቦብ ሞክ ሆን ብሎ ምቱን ዝቅ አድርጎ ያስቀዝፍ ነበርና። ሌሎቹ ብዙ የጀልባ ርዝመት ቀድመው ሄዱ። በወንዙ ዳር በባቡር ሆነው ይከታተሉ የነበሩ ደጋፊዎች ተጨነቁ። ቀዛፊዎቹ ደግሞ ጀርባቸውን ወደ ፊት ስለ ሰጡ የቀደሟቸውን ጀልባዎች ማየት አይችሉም፤ ዞር ብሎ መመልከትም የጀልባውን ሚዛን ያናጋል። የቀራቸው ነገር ቢኖር የሞክን ቃል ማመን ብቻ ነበር። ስምንቱም ጉልበታቸውን ይዘው ታገሡ፤ «እኔ ልፍጠን» ያለ የለም። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ሞክ ምቱን እንዲጨምሩ አዘዘ። እነርሱም ያጠራቀሙትን ኃይል አውጥተው አንድ በአንድ አለፏቸው፤ በመጨረሻም ካሊፎርኒያን ቀድመው ገቡ። በዚያ ቀን ሦስቱንም ውድድር ዋሽንግተን ወሰደ።

ከዚያ ሰኔ 28 ቀን በፕሪንስተን የተደረገውን የኦሊምፒክ ማጣሪያ አሸነፉ። ወዲያው ግን ወደ በርሊን የሚሄዱበትን ወጪ ራሳቸው እንዲችሉ ተነገራቸው። የሚያስፈልገው 5,000 ዶላር ነበር፤ የሲያትል ሕዝብም በጥቂት ቀናት ውስጥ አዋጥቶ ላከላቸው። ነሐሴ 8 ቀን በበርሊን አጠገብ በግሩናው የምቱን ፍጥነት የሚሰጠው ዶን ሂዩም ታሞ ሳለ፣ ነፋስ በበዛበት መስመር ላይ ቀዝፈው በ6 ደቂቃ ከ25.4 ሰከንድ አንደኛ ወጡ። ኢጣልያ በ0.6 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ፣ ጀርመን ሦስተኛ ሆኑ።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያስበው የማያልፈው ነገር አለ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ሦስት ወር ከጥቂት ቀን እንዳለፈ የኢጣልያ ቀዛፊዎች በበርሊን በዓለም ፊት ተሰልፈው ይወዳደሩ ነበር። ለጦርነቱ ተጠያቂዎቹ እነዚያ ስፖርተኞች ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ኅብረት ብቻውን በጎ ነገር አለመሆኑን ልብ እንበል። ሠራዊትም በአንድ ምት ይራመዳል። ስለዚህ አብሮ ከመቅዘፍ በፊት ጀልባው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮችን ማውጣት እንችላለን።

አንደኛ፤ ብርታት መለካት አለበት። ጆ ከጓደኞቹ ጋር የተስማማው ጉልበቱን ጥሎ አይደለም፤ ጉልበቱን ከእነርሱ ጊዜ ጋር አስተካክሎ ነው። ራሴን ልጥቀስ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አምስት ሆነን አንድ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። ከሁሉ ይልቅ የማውቅ ስለ መሰለኝ የሌሎቹንም ድርሻ ሳላማክራቸው ራሴ ጽፌ ጨረስሁ። በማቅረቢያው ቀን መምህሩ ከመካከላችን አንዱን ቢጠይቀው መልስ አጣ፤ ጽሑፉን አላየውምና። አፍሮ የተቀመጠው እርሱ ቢሆንም ያሳፈርሁት እኔ ነበርሁ። ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሁለተኛ፤ የማይታይ ቦታም ሥራ አለው። ከስምንቱ ወደ ፊት የሚያይ አንድም የለም፤ ሆኖም ያለ እነርሱ ጀልባው አይንቀሳቀስም። በየማኅበሩ ሊቀመንበር ካልሆንሁ፣ ስሜ ካልተጠራ ብለን የምንቀር ስንቶች ነን? የሚመራም ቢሆን አደራ አለበት። ሞክ የጓደኞቹን እምነት ያገኘው በማዘዙ ብቻ ሳይሆን እነርሱ የማያዩትን በትክክል አይቶ ስለ ነገራቸው ነው።

ሦስተኛ፤ የተጎዳ ሰው እንደገና ሌላውን ማመን ይችላል። የጆ ቁስል ቀላል አልነበረም። በ15 ዓመቱ በገዛ ቤተሰቡ ተትቷል። ያም ሆኖ ጀርባውን ለማያየው አቅጣጫ ሰጥቶ በጓደኞቹ መተማመንን ተማረ። በኋላም ኢንጂነር ሆኖ በቦይንግ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከማረፉ በፊት ታሪኩን ለዳንኤል ጄምስ ብራውን ነግሮት ጸሐፊው በ2013 በመጽሐፍ አውጥቶታል። በመካከላችንም ብቸኝነትን ልማድ ያደረገ ወንድም ወይም እኅት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ኩሩ ነው» ብለን ከመተው ይልቅ በአጠገባችን መቀመጫ እናዘጋጅለት።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. በቡድን ሥራ ከእኛ ይልቅ ደካማ የመሰለን ጓደኛ ሲያጋጥመን ምን እናደርጋለን?

2. መሪን ማመንና መሪን ሳይጠይቁ መከተል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

3. ሳይመረጥ የቀረ፣ ወይም ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው በመካከላችን አለን? ባለፈው ወር ማን አነጋግሮታል?

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ በመጪው ስብሰባ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ መልስ ይዘን እንድንመጣ አሳስባለሁ።