ስለ ሁለት ቀላል ሽቶዎች

«ሽቶ ሁሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በዋጋው ብቻ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባለፈው ክረምት ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ጧት ኮሎኝ ተቀብቼ ወጣሁ፤ ተራዬ እስኪደርስ ግን ሽታው ጠፍቶ ነበር። በሌላ ቀን ጠንከር ያለውን አብዝቼ ረጭቼ ወደ ትምህርት ክፍል ብገባ፣ አጠገቤ የነበረችው ተማሪ ራሷን አሟት ቦታ ለወጠች። ከሁለቱ ስሕተቶች የተማርሁትን እነሆ።

የመጀመሪያው ኦ ደ ኮሎኝ ነው። ይህን ሽቶ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስመ ጥር ያደረገው በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የኖረው ኢጣልያዊ ዮሐን ማሪያ ፋሪና ነው። ዋናው ነገሩ የሎሚ፣ የብርቱካንና የቤርጋሞት ዘይት ሲሆን፣ በአልኮል ውስጥ የሚገባው መዓዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ ነው። ሁለተኛው ኤድሞን ሩድኒትስካ ለክርስቲያን ዲዮር ቤት የሠራው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 የወጣው ኦ ሶቫዥ ነው። እርሱም በሎሚ ይጀምራል፤ ነገር ግን የጃስሚን አበባ የሚሸት ሄዲዮን የተባለ ቅመምና በአገራችን አፈር እንዳይሸረሸር የሚተከለው የቬቲቨር ሣር ሥር ዘይት አለበት።

ምክንያቱን እንመልከት። የሎሚ ዘይት ፈጥኖ ይተናል፤ ሄዲዮንና ቬቲቨር ግን ዝግ ብለው ይተናሉ። ሙቀት ትነትን ያፋጥናል፤ ብርድ ያዘገያል። ስለዚህ በበጋ ቀትር ጠንካራው ሽቶ ክፍሉን ሲሞላ፣ ኮሎኝ አቀዝቅዞ ቶሎ ይጠፋል። በክረምት ብርድ ደግሞ ኮሎኝ እምብዛም አይሰማም፤ ሁለተኛው ግን ይቆያል።

እንግዲህ ለፈተና አዳራሽ፣ ለቤተ መጻሕፍትና ሰው ለሞላበት አውቶቡስ ኮሎኝ ይበቃል። ለሠርግ፣ ለምረቃ ማታና ረጅም ጥበቃ ላለበት የሥራ ጥያቄ ሁለተኛው፣ ያውም ከሁለት ርጭት ሳያልፍ፣ ይሻላል። ቤርጋሞት ያለበት ሽቶ ፀሐይ ሲመታው ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ፀሐይ በሚያገኘው ገላ ላይ አለመቀባት ነው።

ገንዘባችን ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ኮሎኙን እንግዛ፤ ውሎአችን ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ነውና። ለረጅም ቀን በትንሽ ጠርሙስ በኪስ ይዞ መሄድ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ውሃና ሳሙና ይቅደም፤ ሽቶ የንጽሕና ጓደኛ እንጂ ምትኩ አይደለም።