አሮጌ ሐዲድ፣ አዲስ የእግር መንገድ
(ስለ ረጅም የእግር መንገድ አጠቃቀምና ጥገና ለእጩ መምህራን የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

መግቢያ

በጎጃም ውስጥ ሐዲድ አልተዘረጋም። ታዲያ መራዊ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ባቡር መንገድ መጻፍ ምን ይረባል? ይህን የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ባቡር ከቆመ በኋላ በፈለጉ ላይ የሚሠራው የእግር መንገድ ብዙ ያስተምራል። መንገድ ምን ሲሆን ለዘመናት እንደሚቆይ፣ ምን ሲሆን ደግሞ በአንድ ክረምት እንደሚጠፋ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እናንተም ነገ የምትመደቡት ብዙዎቻችሁ መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ነው። ተማሪዎቻችሁ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት በእግር ነው። መንገዱ በሐምሌ ቦረቦር ከሆነ በመስከረም ክፍሉ ጎዶሎ ይሆናል።

ሀ. የሐዲድ ፈለግ መንገድ ማለት ምን ማለት ነው?

ባቡር የማይሄድበት አሮጌ መስመር ሐዲዱና አግዳሚው ይነሣለታል። የተደለደለው መሬት፣ ድልድዩና ዋሻው ግን በቦታቸው ይቀራሉ። በዚያ ላይ ደቃቅ ጠጠር ተነጥፎና ተጠቅጥቆ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና አንዳንድ ቦታም ለፈረስ ይከፈታል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ልስላሴው ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ዞረው፣ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ ብዙውን ጊዜ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል አድርገው ይሠሩታል። እንዲህ ያለ መንገድ ሽማግሌም ሕፃንም ይሄድበታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድም አይቸገርበትም።

በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ ያለው 51 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ1960ዎቹ የተከፈተ ሲሆን፣ ሦስት ዋሻዎች አሉት። በሚዙሪ ግዛት ያለው ኬቲ የተባለው መንገድ ደግሞ 386 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በኒው ዚላንድ የኦታጎ መስመር ባቡሩ በ1990 ከቆመ በኋላ በ2000 ዓ.ም. 152 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኖ ተከፈተ። ባቡሩ ሲቀር ፀጥ ብለው የነበሩ ትንንሽ ከተሞች እንግዳ በማሳደርና ምግብ በመሸጥ እንደገና ነፍስ ዘሩ። እስፓንያም ከ1993 ጀምሮ አሮጌ መስመሮቿን "አረንጓዴ መንገዶች" በሚል ስም አደራጅታለች።

ለ. የእኛ አገር አሮጌ ሐዲድ

አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ድረስ በቀስታ መውጣቱ የሥራውን ብልሃት ያሳያል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ በሌላ ሰፊ ሐዲድ ነው የሚሄደው። ከዚያ ቀደም ብሎ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው የአሮጌው መስመር አገልግሎት ተቋርጦ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ዋጋው በመያያዙ ነው። አንዱ ጥቂት ሜትር ወስዶ ቤት ቢሠራበት፣ ሌላው አጥር ቢያጥርበት፣ የቀረው መቶ ኪሎ ሜትር ተቆራርጦ ከንቱ ይሆናል። አንዴ ከተበጣጠሰ በኋላ መልሶ መሰብሰብ ከባድ ነው። አሜሪካኖች ይህን ተገንዝበው በ1983 ባወጡት ሕግ ባቡር ያቆመ መስመር ሳይሸነሸን የእግር መንገድ ሆኖ እንዲቆይ ፈቀዱ። ወደፊት ባቡር ካስፈለገም መሬቱ ይመለሳል። የእኛውም አሮጌ መስመር እንደዚሁ ሊታሰብለት የሚገባ የአገር ቅርስ ነው።

ሐ. የአጠቃቀም ሥርዓት

መንገዱ የጋራ ነውና ሥርዓት ያሻዋል። በብዙ አገር የተለመደው የሚከተለው ነው።

1. ሁሉም ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ በቡድን የሚሄዱ መንገዱን አይዘጉም።
2. ባለ ብስክሌት ለእግረኛ ቅድሚያ ይሰጣል። ሊያልፍ ሲል ደወል ይደውላል ወይም ድምፅ ያሰማል።
3. እግረኛውም ባለ ብስክሌቱም ለፈረስና ለበቅሎ ይቆማሉ። እንስሳው እንዳይደነብር ቀስ ብሎ መናገር ይጠቅማል። የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ገበያ የሚያውቅ ሰው ጭነት የያዘ አህያ ሲደነብር ምን እንደሚያስከትል አይጠፋውም።
4. የመኪና መንገድ በሚቋረጥበት ቦታ ቆሞ ግራና ቀኝ ማየት ግዴታ ነው።
5. መሬቱ በዝናብ በራሰ ጊዜ ከባድ ነገር አይነዳበትም። የእርጥብ ቀን ጎማ የሚተወው ፈር የነገ ቦይ ነው።

መ. ጥገና፦ የመንገድ ጠላቱ ውኃ ነው

የሰው እግር መንገድን አይገድልም፤ የሚገድለው ውኃ ነው። በተለይ የእኛ የምዕራብ ጎጃም ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚያወርደው ዝናብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የጥገና ትምህርት ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ ውኃው ከየት መጥቶ የት ይሄዳል?

አንደኛ፣ የመንገዱ ገጽ እንደ ኤሊ ጀርባ መሃሉ ከፍ ይበል። ስፋቱ 2 ሜትር ከሆነ መሃሉ ከዳሩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ውኃ አይተኛበትም።

ሁለተኛ፣ ከላይ በኩል የጎን ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ውስጥ ደለልና ቅጠል ከሞላ ውኃው መንገዱ ላይ ይወጣል። በአካባቢያችን ባሕር ዛፍ ብዙ ስለሆነ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ቦይ ሲደፍን ይታያል፤ ከመንገዱ ራቅ አድርጎ መትከል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው ቱቦ ከክረምት በፊት ይጠረግ። አሮጌ ሐዲድ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆም የሚችለው ከሥሩ ያሉት ማሳለፊያዎች ክፍት ሲሆኑ ነው። አንዱ ቢደፈን ድልድሉ ግድብ ሆኖ ውኃ ያቁርና በአንድ ሌሊት ይናዳል።

አራተኛ፣ ድልድይ ይታይ። የወለል እንጨቱ መበስበሱ፣ መደገፊያው መላላቱ፣ የእግሩ ሥር በጅረት መበላቱ በየዓመቱ ይመርመር። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሞጣ በኩል ዓባይን የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ቅስቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰብሮ፣ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ2002 ተጠግኖ መሻገሪያ ሆነ፤ በ2005 ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በኋላም ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። የሚዙሪው መንገድም በ1993 ታላቅ ጎርፍ ብዙ ክፍሉ ተበላሽቶ ተጠግኗል። ስለዚህ ሀብታምም ድሃም አገር ከውኃ ጋር ያለው ትግል አንድ ነው።

የሥራ ጊዜውም የታወቀ ነው። በግንቦት ቦይና ቱቦ መጥረግ፣ በክረምት ከከባድ ዝናብ በኋላ መንገዱን ዞሮ ማየት፣ በጥቅምት የተቦረቦረውን መሙላት፣ በበጋ ድልድይ መጠገንና ቁጥቋጦ መመንጠር። መሣሪያው አካፋ፣ ዶማ፣ ማጭድና መጠቅጠቂያ ብቻ ነው።

ሠ. ለምን ቶሎ?

እስቲ እናስላው። ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ መንገድ 1 ኪሎ ሜትሩ ጠጠሩ ታጥቦ ቢሄድና በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንደገና ቢነጠፍ፦ 1,000 × 2 × 0.10 = 200 ሜትር ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል። አንድ ገልባጭ መኪና 10 ሜትር ኩብ ቢጭን 20 ምልልስ ነው። ያንኑ መንገድ ለማዳን ግን በግንቦት አንድ ቀን ቦይ መጥረግ ይበቃ ነበር። ደቦና ወንፈል የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሌሎች አገሮችም ብዙ መንገዶች የሚጠበቁት እያንዳንዱ መንደር ወይም ማኅበር የየድርሻውን ኪሎ ሜትር ተረክቦ ነው። የድርሻው ወሰን በግልጽ ካልተለየ ግን "ሌላው ይሠራዋል" እየተባባለ ሁሉም ይተወዋል።

ረ. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ አውጧቸው። ሁለት ችካል በ10 ሜትር ርቀት ይተከል፤ ሲባጎ ተወጥሮ በውኃ ልክ ይስተካከል። ከሲባጎው እስከ መሬት ያለው ልዩነት 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ በመቶ 2 ነው፤ ባቡር ይወጣዋል ማለት ነው። 1 ሜትር ከሆነ በመቶ 10 ነው፤ እዚያ ላይ ውኃ መንገዱን ያርሰዋል። በዚህ አንድ ሥራ ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም፣ የእጅ ሥራውም ይማራል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የባቡር ፈለግ ለአካል ጉዳተኛ የሚመቸው ለምንድን ነው?
2. ስፋቱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 500 ሜትር የሆነ መንገድ 8 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ቢነጠፍበት ስንት ሜትር ኩብ ይፈጃል?
3. ከመኝታ ክፍላችሁ እስከ መማሪያ ክፍል ባለው መንገድ ላይ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ በንድፍ አሳዩ፤ መፍትሔውንም ጻፉ።

ማጠቃለያ

"ፍኖት" በግእዝ መንገድ ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም በየቀኑ እንጠራዋለን። ሰላማዊ መንገድ ደግሞ ሕፃን ሳይፈራ፣ ሽማግሌ ሳይደክም የሚሄድበት፣ በክረምትም የማይቋረጥ መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ለመጠበቅ ባቡር መምጣቱን መጠበቅ አያስፈልገንም። በሚመጣው ግንቦት አንድ አካፋ ይዞ መውጣት ይበቃል።