«ታድሷል» የተባለ ካሜራ ስንገዛ ምኑን እንመርምር?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት ለመጀመር አሮጌ የፊልም ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ ጓደኞቻችን እኛ በደረሰብን ስሕተት እንዳትወድቁ ለመርዳት ነው።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት እኛ የፎቶግራፍ ክበብ አባላት ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን አንዲት ዜኒት-ኢ ገዝተን ነበር። ሻጩ «ታድሳለች፤ እንደ አዲስ ናት» አለን። ቆዳዋ ተወልውሎ ያብለጨልጫል፤ ቀጭ የሚለው ድምፅዋም ደስ ይላል። እኛም አመንን። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጆችን በዕረፍት ሰዓት ሲጫወቱ አነሳናቸው፤ ፎቶውንም እናመጣላችኋለን ብለን ቃል ገባን። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሠላሳ ስድስቱም አንድ ጎናቸው ጥቁር ነው። በዚያ በኩል የቆሙት ልጆች የሉም! እነሱ ደግሞ በየቀኑ «ቲቸር፣ ፎቶአችንስ?» ይሉናል። ምን እንበላቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዜኒት-ኢ ሞስኮ አጠገብ በምትገኘው በክራስኖጎርስክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 መሠራት የጀመረች ካሜራ ናት። ከፊልሙ ፊት ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች አሏት። አንደኛው ሲከፍት ሁለተኛው እየተከተለ ይዘጋል፤ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያልፈው። በ500 ላይ፣ ማለትም በሴኮንድ 1/500ኛ፣ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ደርቆ ወይም ሞላው ደክሞ አንደኛው መጋረጃ ከዘገየ፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ይደርስበትና ክፍተቱን ይዘጋዋል። እኛ ደግሞ ልጆቹ ስለሚሯሯጡ ብለን ሁሉንም ያነሳነው በ500 ነበር። ቆዳ መወልወል ይህን አያድነውም።

ታዲያ «ታድሷል» ሲሏችሁ «ምኑ?» በሉ። ተከፍቶ የተጠገነው የቱ ነው? መልስ ቢሰጧችሁም ራሳችሁ ሞክሩት። ፊልም ሳይገባበት የኋላ በሩን ክፈቱ፤ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍታችሁ ካሜራውን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩት (ወደ ፀሐይ እንዳይሆን አደራ)፤ ከኋላ እያያችሁ በየፍጥነቱ እየጠመዳችሁ ልቀቁ። ብልጭ የሚለው ብርሃን ከዳር እስከ ዳር መታየት አለበት። አንድ ዳር ከጨለመ የኛን ልጆች አስታውሱ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የላችሁም።

ሌንሱን ፈታችሁ በብርሃን ተመልከቱት። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ግን ሻጋታ ነውና ተዉት።

የዜኒት-ኢ ብርሃን መለኪያ የሚሠራው በሴሌኒየም ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም፤ ዕድሜ ግን ያደክመዋል። በእጃችሁ ሸፍናችሁ ግለጡት፤ መርፌው ካልተነቃነቀ ሞቷል። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን ካሜራውን አትጣሉት። 100 የሚል ፊልም ካላችሁ፣ በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን 16፣ ፍጥነቱን 125 አድርጋችሁ ብታነሱ በደንብ ይወጣል።

ገንዘብ የበቃው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 የተመረተውን የጃፓኑን ፔንታክስ ኬ1000 ቢያገኝ ለጀማሪ የተመቸ ነው። ባትሪው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ ቢያልቅም ካሜራው ማንሳቱን አያቆምም። በእሱ ላይ በኋላ በሩ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጣት መንካት ነው፤ እንደ ሙጫ ከተጣበቀ አርጅቷል፣ ብርሃንም ያስገባል። መቀየሩ ከባድ ስላልሆነ ለዋጋ መከራከሪያ ይሆናችኋል።

የመጀመሪያውን ፊልም ለሠርግም ለምርቃትም አታውሉት። ግቢ ውስጥ ዛፍና ግድግዳ አንሱበት፤ የእያንዳንዱን ቁጥርና ፍጥነት ደብተር ላይ ጻፉ። እኛ ይህን የጀመርነው ከጉዳቱ በኋላ ነው። በደብተሩም መሠረት ካሜራችን በ125ና ከዚያ በታች ደኅና መሆኗን ስላወቅን ተመልሰን ልጆቹን አቁመን በ125 አነሳናቸው፤ ያን ቀን ከቀሩት ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ወጥተዋል።

ካሜራዋ በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አለች። በ500 ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፈንበታል፤ የሚዋስ ሰው እንዳይነካው።