የቆሰለ ፈቃድ፦ ስለ ሜታምፌታሚን አጭር ትምህርት

«ልጄ ታሟል ወይስ በድሏል?» ልጇ በዕፅ የተያዘባት እናት ይህን ስትጠይቀን ቸኩለን መመለስ አይገባንም። ሜታምፌታሚን የተባለውን ዕፅ ምሳሌ አድርገን መልሱን እንመርምር።

ሜታምፌታሚን በተለምዶ «አደንዛዥ» ከሚባሉት ጋር ቢቆጠርም ጠባዩ አነቃቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ናጋዮሺ ናጋይ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ ከኤፌድሪን ሠሩት፤ በ2ኛው የዓለም ጦርነትም የጀርመንና የጃፓን ወታደሮች ድካምን እንዲቋቋሙ ይሰጣቸው ነበር። በአገራችን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ሜታምፌታሚን ግን እጅግ ይበረታል።

ፈጣሪ ሰው መልካሙን እንዲሻና እንዲተጋ በአእምሮው ካኖራቸው መልእክተኞች አንዱ ዶፓሚን ይባላል። ስንበላ፣ ወዳጅ ስናገኝ፣ ሥራ ሲቃናልን በልክ ይፈልቃል፤ ከዚያም ወደ ሕዋሱ ይመለሳል። ሜታምፌታሚን ግን ከማከማቻው አስወጥቶ እንደ ጎርፍ ይለቀዋል፤ መመለሻውንም ያውካል። ያን ጊዜ እንቅልፍና ረኃብ ይጠፋሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊትና የሰውነት ሙቀት ያሻቅባሉ። ሲዘወተር ጥርስ ይበሰብሳል፣ ሰውነት ይከሳል፤ የሌለ ድምፅ መስማትና ሰውን ያለ ምክንያት መጠርጠር ሊከተል ይችላል። ጎርፉ ሲያልፍ ቤተሰብም፣ ሥራም፣ ጸሎትም እንኳ ጣዕም ያጣሉ።

ልብ እንበል፤ የሚጎዳው ሰው «እምቢ» የሚልበት ኃይል ራሱ ነው። ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2291 ከሕክምና ውጭ ዕፅ መውሰድ ከባድ በደል መሆኑን ያስተምራል፤ በቁጥር 1735 ደግሞ ልማድና ሌሎች ምክንያቶች የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ እንደሚችሉ ይገልጻል። ስለዚህ ለእናቲቱ እንዲህ እንላታለን፦ በፈቃዱ ጀምሮት ይሆናል፤ አሁን ግን ፈቃዱ ራሱ ቆስሏል፤ ንስሐም ሐኪምም ያስፈልጉታል።

ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ዕፁን ከተዉ ከአንድ ዓመት በላይ በሆናቸው ሰዎች አእምሮ ውስጥ የተጎዱት የዶፓሚን መመለሻዎች በከፊል ማገገማቸውን አሳይቷል። እንግዲህ በአንድ ወር ካልዳነ ብለን ተስፋ አንቁረጥ። ዕፁን ባቆመ ሰሞን ብርቱ ሐዘንና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣበት ስለሚችል ብቻውን አንተወው። ደረቱን ካመመው፣ ትኩሳቱ ከበረታ ወይም የሌለ ነገር ካየ ፈጥነን ሐኪም ቤት እናድርሰው፤ ጸሎታችንም አብሮት ይሂድ። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን «ለምን በዚህ መንገድ መጣህ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አሰረለት እንጂ።

ለውይይት፦ በቁምስናችን እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ችግሩን ሳያፍር የሚናገርበት ቦታ አለን?