አራስ ልትጠይቅ ከሪያድ ወደ ጀርመን

እንበል፦ ደባርቅ ተወልዳ፣ ጎንደር ከተማ ተምራ፣ አሁን ሪያድ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ፍራንክፈርት ያለችው ታላቅ እህቷ ልትወልድ ተቃርባለች። እናታቸው ከደጋው ተነሥተው ለገንፎው አይደርሱም፤ ስለዚህ ታናሺቱ ሄዳ እህቷን ልታርሳት ቆርጣለች። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነውና የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ ያስፈልጋታል። ይህ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል።

የት ታመልክት?

ሪያድ። የሸንገን ቪዛ ሕግ አመልካች በሕጋዊነት ከሚኖርበት አገር ባለው ቆንስላ እንዲያመለክት ያዝዛል። ለእረፍት ጎንደር ብትመጣና አዲስ አበባ ማመልከት ብትፈልግ፣ ለምን ከመኖሪያዋ እንዳላመለከተች በቂ ምክንያት ማቅረብ አለባት። ዋና መድረሻዋ ጀርመን ስለሆነ የምትሄደው ወደ ጀርመን ቆንስላ ነው። መንገዷን ፓሪስ ላይ ብታሳርፈው እንኳ ይህ አይለወጥም።

«ትመለሻለሽ?»

የወረቀቱ ሁሉ ፍሬ ነገር ይኸው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ የመጀመሪያ ሐሳቧ ጎንደር ደውላ የአባቷን ቤት ካርታ ማስላክ ይሆናል። ካርታው ቢያያዝ ክፋት የለውም። ቆንስላው ግን የሚጠይቃት «ወደ ሪያድ ትመለሻለሽ?» ብሎ ነው እንጂ «ወደ ጎንደር ትመለሻለሽ?» ብሎ አይደለም። ስለዚህ የሚያዋጣት ወረቀት ከሪያድ የሚወጣው ነው፦ ከጉዞው በፊት ጊዜው የማያልፍ ኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ)፣ የሳዑዲ የመውጫና መመለሻ ቪዛ፣ የሥራዋን ዓይነት፣ ደመወዟንና የተፈቀደላትን የዕረፍት ቀን የሚገልጽ የአሠሪዋ ደብዳቤ፣ ደመወዙ በየወሩ ሲገባ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ።

ደላላ «ገንዘብ ተበደሪና አካውንትሽን ሙዪው» ቢላት አትስማው። ባለቀ ሰዓት የገባ ብዙ ገንዘብ ከጥቂት የወር ደመወዝ ይልቅ ያጠራጥራል። ሐሰተኛ ወረቀት ደግሞ ያስከለክላታል፤ ክልከላውም በሸንገን አገሮች የጋራ መዝገብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።

ፍራንክፈርት ያለችው እህት የታናሿን ወጪ የምትችል ከሆነ፣ በከተማዋ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርባ የወጪ ግዴታ ትፈርማለች። ጀርመኖች ፌርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይሉታል፤ ክፍያው 29 ዩሮ ነው።

ስምና የልደት ቀን

ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ፈልጎ ያጣል፤ እኛ ዘንድ የለምና። ሁለቱ እህቶች የአባትና የአያት ስም ይጋራሉ፣ ይህም ዝምድናቸውን ያሳያል። ከእናታቸው ጋር ግን አንድም የሚጋሩት ስም የለም። ስለዚህ የእናት ስም የተጻፈበትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ የሁለቱም የልደት ሰርተፍኬት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

በደጋው ቤት የተወለደ ልጅ ቀኑ የሚታወሰው በበዓል ነው፦ «የጥምቀት ዕለት» ይባላል። ጥር 11 ቀን 1985 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 1993 ነው የተወለደችው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ሰባት ብቻ የደመረ ጸሐፊ ልጅቷን በአንድ ዓመት ያስረጃታል። ሰርተፍኬቱና ፓስፖርቱ ካልተስማሙ፣ ቆንስላው ሳያየው በፊት ማስተካከል፣ ካልሆነም በደብዳቤ ማስረዳት ይገባል።

ቀኑን አስቀድሞ መቁጠር

በመደበኛው ሕግ ቆንስላ በ15 ቀን ይወስናል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ከልክሏል። ምክንያቱ፣ በኅብረቱ አገሮች ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። የመንግሥታት አለመግባባት አራስ ጠያቂ ላይ መውደቁ ልክ አይመስለኝም። ቢሆንም ሕጉ ይህ ነውና አስልቶ መንቀሳቀስ ይሻላል። ማንም ሰው የክርስትናውን ቀን ከዚህ የ45 ቀን ጊዜ ጋር አስተያይቶ ሲያስብ አላየሁም፦ የተወለደው ወንድ ከሆነ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው። እህቷ ከወለደች በኋላ ያመለከተች አክስት መልሱን ሳታገኝ ሕፃኑ ይጠመቃል። ሴት ከሆነች 80 ቀን አለ፣ እሱም ለገንፎው አያደርስም።

ሕጉ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ይፈቅዳል። የሐኪሙ የመውለጃ ቀን ማስረጃ የጉዞዋን ምክንያት ስለሚያስረዳ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ ከሸንገን ከምትወጣበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርትና 90 ዩሮ የቪዛ ክፍያም አዘጋጅታ፣ እህቷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ታስገባው። ቪዛው በእጇ ሲገባ የሚያስገባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለንደን ያለ ዘመድ ቢጠራት እንኳ ከሸንገን ከወጣች በዚያው ቪዛ ወደ እህቷ ቤት መመለስ አትችልም።