በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር

አንድ የፎገራ ገበሬ ወረታ ገበያ ሩዝ ሸጠ እንበል። ነጋዴው ብሩን ሳይቆጥርለት አንዲት ወረቀት ዘረጋለት። «ወንድሜ፣ እዚች ላይ ፈርምልኝ፤ ብሩን ከሰዓት አመጣልሃለሁ» አለው። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦

«የአሥር ኩንታል ሩዝ ዋጋ በሙሉ መቀበሌን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

ገበሬው ፊደል ቆጥሯል። «ሩዝ» የሚለውን አነበበ፤ «ፊርማ» የሚለውንም አነበበ። ነገሩን የያዘችው ቃል ግን «መቀበሌን» የምትለዋ ናት።

እስቲ እንፍታው። ነዶ የሚፈታ ሰው በመጀመሪያ ማሰሪያውን ይፈልጋል። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ከዚያ እንጀምር፤ «አረጋግጣለሁ» ይላል። ምንን? «ዋጋ በሙሉ መቀበሌን።» እንግዲህ «ዋጋውን በሙሉ ተቀበልሁ» የሚለው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር፣ በሌላው ውስጥ ገብቶ የስም ሥራ ሠራ ማለት ነው። የሰዋስው መምህራን ስማዊ ሐረግ ይሉታል። ሰውዬው ያልተቀበለውን ብር ተቀበልሁ ብሎ ሊፈርም ነው!

እንዲህ ያለው አነጋገር ለእናንተ አዲስ አይደለም። «ጉማራ እንደሞላ ሰማሁ» ትላላችሁ። «ርብ መጉደሉን አየሁ» ትላላችሁ። «ጎረቤቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሄደ መሰለኝ» ትላላችሁ። ምን ሰማችሁ? ምን አያችሁ? ምን መሰላችሁ? መልሱ ሁሉ ስማዊ ሐረግ ነው። ነገር ግን «እንደ» ያለበት ሁሉ ስማዊ ሐረግ አይደለም። «እንደነገርኩህ አድርግ» ሲባል ጥያቄው «እንዴት?» ነው እንጂ «ምን?» አይደለም።

አሁን ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፦

«ነጋዴው እንደከፈለኝ አምናለሁ።»
«ነጋዴው እንደሚከፍለኝ አምናለሁ።»

ልዩነቱ «ሚ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት ለማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ብሩ ተከፍሏል፤ በሁለተኛው ገና ነው። ዳኛ ፊት ሲቀርብ አንደኛው የነጋዴው ማስረጃ ነው፣ ሌላው የገበሬው። ከ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወዲህ በጣት አሻራ ፈንታ ስሙን የሚፈርም ሰው በዝቷል፤ ታዲያ ፈርሞ ከማንበብ አንብቦ መፈረም ይሻላል።

ልጆቻችሁ እንግሊዝኛ ሲያጠኑ ይኸው ነገር ይገጥማቸዋል። እዚያ ግን አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማሰሪያው ይቀድማል፣ ስማዊው ሐረግ ይከተላል። «እንደከፈለ አውቃለሁ» ለማለት «አይ ኖው ዛት ሂ ፔይድ» ይላሉ፤ «አውቃለሁ፣ እሱ እንደከፈለ» እንደማለት ነው። የኛን «እንደ» ሥራ የሚሠራው «ዛት» ነው፤ በንግግር ጊዜ ብዙ ጊዜ ይተዉታል። በእንግሊዝኛ ሰውዬው ማመኑ ወይም መካዱ ከመነሻው ይታወቃል። በአማርኛ ግን «መቀበሌን» ካለ በኋላ «አምናለሁ» ይበል «እክዳለሁ» ይበል፣ እስከ አራት ነጥቡ ሳይደርሱ አይታወቅም።

መልመጃ፦ ከዚህ በታች ባሉት ውስጥ ስማዊውን ሐረግ ፈልጉ። «ምንን?» እያላችሁ ጠይቁ።
«በሬው የእኔ መሆኑን ጎረቤቶቼ ያውቃሉ።»
«ብድሩን ለመስከረም እንደምመልስ ተስማምቻለሁ።»
«ብድሩን እንደመለስኩ አበዳሪዬ አምኗል።»