ምዕራፍ 6፦ ሲስተሞች ሲጠያየቁ

ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተገነባ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚያ ሼድ ይዞ እንክብል የሚያመርት አንድ ፋብሪካ እናስብ። ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ከውጭ ይገባል። ዕቃው ፋብሪካው ደጃፍ እስኪደርስ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ይፈቅዳል፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይሰጣል፣ ጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ይቀበላል። ሁሉም የየራሱ ሲስተም አለው። ሲስተሞቹ ካልተገናኙ ደግሞ የሚያገናኛቸው ፋይል አቅፎ ከቂሊንጦ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሠራተኛ ነው። ያንኑ የኢንቮይስ ቁጥር በየቢሮው እንደ አዲስ ይጽፋል። አንድ አኃዝ ከተዛነፈ ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ይቆማል፤ የወደብ ኪራይ ይቆጥራል፤ ማሽኑ ሥራ ይፈታል።

ኤፒአይ የሚያስቀረው ይህን ድጋሚ ጽሕፈት ነው። አንዱ ሲስተም ለሌላው የሚከፍተው የአገልግሎት መስኮት በሉት። ማን መጠየቅ እንደሚችል፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ጥያቄውም በምን ቅርጽ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ተወስኗል። ጠያቂው ሲስተም የይለፍ ቁልፉን አሳይቶ «ይህ የፈቃድ ቁጥር የጸና ነው?» ይላል፤ መልሱ በሰከንዶች ይመጣለታል። መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ግን አይገባም። ሲስተም ማገናኘት ዳታቤዝን አሳልፎ መስጠት የሚመስለው ሥራ አስኪያጅ ይህን ልብ ይበል።

አገራችን በ2012 ዓ.ም. የጀመረችው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የተነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነው፦ አስመጪው መረጃውን አንድ ጊዜ ያስገባል፤ ጉምሩክ፣ ባንክና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ከዚያው ያነባሉ። ሲመረቅ የተያዘው ግብ 44 ቀን ይፈጅ የነበረውን ሂደት መጀመሪያ ወደ 13፣ በኋላም ወደ 3 ቀን ማውረድ ነበር። በእኔ እምነት ከፕሮግራም ጽሕፈቱ ይልቅ የሚከብደው አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላውን መዝገብ ለማመን መስማማቱ ነው።

ወደ ትንሹ ነጋዴ እንምጣ። ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ፋርማሲ ለአከፋፋዩ በቴሌብር ወይም በባንክ ትከፍልና ስክሪንሾት ትልካለች። አከፋፋዩ ዘንድ ሒሳብ ሠራተኛዋ ማታ ተቀምጣ ስክሪንሾቱን ከባንክ ስቴትመንት ጋር ታመሳክራለች። የተቀነባበረ ስክሪንሾት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው ወጥቶ ገንዘቡ አልገባም። በኤፒአይ ሲሆን የክፍያው ሲስተም ራሱ ለአከፋፋዩ ሲስተም «ይህ ደረሰኝ ተከፍሏል» ብሎ ያስታውቃል፤ የመጋዘን ማውጫው የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ቻፓና አሪፍፔይን የመሳሰሉ የክፍያ አሳላጮች ለነጋዴዎች ይህን መስኮት ከፍተዋል፤ በፋይዳ መታወቂያም ባንኮች የደንበኛን ማንነት በዚሁ መንገድ ያረጋግጣሉ።

እንግዲህ ለድርጅትዎ ሶፍትዌር ሊገዙ ሲሉ ስለ ስክሪኑ ውበት ከመነጋገርዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ። ኤፒአይ አለው? አጠቃቀሙ በጽሑፍ ተዘጋጅቷል? የይለፍ ቁልፉ በማን እጅ ይቀመጣል? ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ እንዴት ይቀየራል? ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። መልስ ያላገኘ ሲስተም ጥያቄውን ደግሞ ይልካል፤ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ከሌለው አንዱ ክፍያ ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ሻጩ ሲያሳይዎ ክፍያው መሀል ላይ ሳለ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉና መልሰው ይሰኩት። ከዚያ የሒሳብ መዝገቡን አስከፍተው፣ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ መግባቱን በዓይንዎ አይተው ውል ይፈርሙ።